አጥር ያልነበረው ሜዳ፦ የሳናም ሉዋንግ 240 ዓመታት

በባንኮክ እምብርት፣ ታላቁን ቤተ መንግሥትና በግቢው ያለውን የዋት ፍራ ኬው ቤተ መቅደስ ከሚከበው ነጭ ግንብ በስተሰሜን፣ ሳናም ሉዋንግ የሚባል ሜዳ አለ። ስፋቱ 12 ሄክታር ያህል ነው፤ በምዕራብ በኩል ጥንታዊው የዋት ማሃታት ቤተ መቅደስ፣ የታማሳት ዩኒቨርሲቲና ብሔራዊ ሙዚየሙ ይዋሰኑታል። ዛሬ ቦታውን ለማየት የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የተከረከመ ሣር፣ ዙሪያውን በረድፍ የቆሙ የሁመር ዛፎች፣ ከዛፎቹ ማዶ የሚያብረቀርቁ የቤተ መቅደስ ጣሪያዎችና ከከተማዋ ጩኸት የሚያሳርፍ ዝምታ ነው። ከዚህ ዝምታ ተነስቶ ሜዳው ከጥንት ጀምሮ ለንጉሥና ለሃይማኖት ብቻ የተለየ፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ ነበር ብሎ ማሰብ አይከብድም። በ2011 በብረት አጥር ሲከበብም ብዙዎች ነገሩን የተቀበሉት የጥንት ክብሩ እንደተመለሰለት አድርገው ነው። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ይህ ሜዳ ባለፉት 240 ዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረበት ዘመን ጥቂት ነው፤ ክብሩም የመጣው ከሰው መሰብሰብ እንጂ ከባዶነቱ አይደለም። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከመነሻው በየተራ መከተል ያስፈልጋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአዩታያ ከተማ በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ መንግሥት ዋና ከተማውን በቻዎ ፍራያ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቶንቡሪ ላይ አደረገ። በ1782 ዙፋኑን የያዙት ራማ 1ኛ ግን ወንዙን ተሻግረው በምሥራቁ ዳርቻ አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ አቀማመጧም የጠፋችውን አዩታያን እንዲመስል አደረጉ። ለራሳቸው በደቡብ በኩል ታላቁን ቤተ መንግሥት፣ ለታናሽ ወንድማቸው ለምክትል ንጉሡ ደግሞ በሰሜን በኩል የፊት ቤተ መንግሥት የተባለውን አሠሩ። ሜዳው በሁለቱ ግቢዎች መካከል የቀረው ገላጣ መሬት ሲሆን ያኔ ስፋቱ ከዛሬው በጣም ያንስ ነበር። በ1784 የአገሪቱ ጠባቂ ተደርጎ የሚቆጠረው፣ 66 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ የድንጋይ የቡድሃ ምስል ከቶንቡሪ ወደ ዋት ፍራ ኬው ገባ። ይህ ቤተ መቅደስ የነገሥታቱ የጸሎት ቤት እንጂ ገዳም አይደለም፤ መነኮሳት አይኖሩበትም። መነኮሳቱ የሚኖሩትና የሚማሩት በዋት ማሃታት ነበር። ምክትል ንጉሡ ከአዩታያ ዘመን የቆየውን ያንን ገዳም አሳደሱት፤ በ1788ም ከ200 በላይ መነኮሳት እዚያ ተሰብስበው፣ በጦርነቱ የጠፋውንና የተበላሸውን ቅዱስ መጽሐፋቸውን እየመረመሩ አስተካከሉ። ስለዚህ የሜዳው ሃይማኖታዊ ጉርብትና ከመጀመሪያው የጉባኤና የትምህርት ጉርብትና ነው።

የሜዳው የመጀመሪያ ተግባር የነገሥታትና የመሳፍንት አስከሬን የሚቃጠልበት ስፍራ መሆኑ ነው። «የክብር ቦታ ነውና ጸጥ ይበል» የሚለው ሐሳብ ዋና ማስረጃውን የሚያገኘውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን በቅርብ ማየት ይገባል። ለአንድ ንጉሥ ሥርዓት በመሐል ሜዳው የሚቆመው ሕንፃ የዓለም ማዕከል የሚባለውን የሜሩ ተራራ የሚወክል፣ ለመሥራት ወራት የሚፈጅ፣ ሥርዓቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚፈርስ ነው። በዙሪያው ግን የሚኖረው ልቅሶ ብቻ አይደለም። ጭምብል ያጠለቁ ተዋንያን ድራማ ይጫወታሉ፤ አሻንጉሊት ይጨፍራል፤ ርችት ይተኮሳል፤ ሳንቲም የታጨቀባቸው ሎሚዎች ለሕዝቡ ይበተናሉ። ይህ ሁሉ የሥርዓቱ አካል ነው፤ ሟቹ በሙሉ ክብር ተሸኘ የሚባለው ሕዝቡ መጥቶ ሲበላና ሲደሰት፣ ሲያለቅስም ነው። እንግዲህ የቦታው ጥንታዊ ክብር ከምን እንደተሠራ ለሚጠይቅ መልሱ ከሕዝብ ጩኸት ጭምር ነው። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለው ሥርዓት በየዓመቱ የሚመጣ አይደለም። በሁለት ሥርዓቶች መካከል ያሉት ረጅም ዓመታት ሜዳውን ለሌላ ሥራ ይለቁታል።

ያ ሌላ ሥራ ምን እንደነበር ኋላ የነገሡ ሁለት ነገሥታት ያሳያሉ። በራማ 3ኛ ዘመን ሲያም በካምቦዲያ ጉዳይ ከቬትናም ጋር ትፋለም ነበር። ንጉሡም በቤተ መንግሥታቸው ደጃፍ ሩዝ እንዲዘራ አደረጉ፤ አገሩ እህል የተትረፈረፈበት መሆኑን ጠላት እንዲያይላቸው ፈልገዋል። የአስከሬን ማቃጠያው ስፍራ የሩዝ ማሳ ሆነ፤ ይህንንም እንደ ድፍረት የቆጠረ አልነበረም። ቀጥለው የነገሡት ራማ 4ኛ ሞንግኩት በ1855 ሜዳው በተለምዶ የሚጠራበት የአስከሬን ማቃጠያነት ስም ገድ የለውም ብለው ሳናም ሉዋንግ እንዲባል በአዋጅ አዘዙ፤ በዚያም የዝናብ ልመናና የእርሻ መክፈቻ ሥርዓት ይፈጸም ጀመር። በእርሻ መክፈቻው የተቀደሱ በሬዎች ማሳውን ካረሱ በኋላ የተለያየ እህልና መጠጥ ይቀርብላቸዋል፤ የመረጡትን አይቶ የዓመቱ አዝመራ ይተነበያል። አስቀድመው በመነኩሴነት ብዙ ዓመት የኖሩትና በዋት ማሃታት የተቀመጡት እኚህ ንጉሥ የቦታውን ሃይማኖታዊ ትርጉም ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሆኖም ሜዳውን ከሞት ወደ እህልና ወደ ዝናብ ሲያዞሩት እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ዛሬ «ጥንታዊ» የሚመስለን የሜዳው መልክ ግን የልጃቸው የራማ 5ኛ ቹላሎንግኮርን ሥራ ነው። በ1885 የመጨረሻው ምክትል ንጉሥ ሲሞቱ ሹመቱ ቀረ፤ የፊት ቤተ መንግሥቱ ምሥራቃዊ ክፍልም ፈርሶ ወደ ሜዳው ተቀላቀለ። ንጉሡ በ1897 አውሮፓን ከጎበኙ በኋላ ሜዳው የአሁኑን ሞላላ ቅርጽ ያዘ፤ ዙሪያውንም በዓመቱ ቀናት ቁጥር 365 የሁመር ዛፎች ተተከሉበት። በ1882 የባንኮክ 100ኛ ዓመት ሲከበር የአገሪቱን ምርትና ጥበብ የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን የተዘጋጀው እዚሁ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም ተካሂዶበታል፣ ጎልፍ ተመትቶበታል፤ በበጋው ነፋስ ደግሞ ሰዉ ካይት እያበረረ ይፎካከርበት ነበር፤ ትልቁ ካይት ትንሿን ለመያዝ ትንሿም ትልቁን ጠልፋ ለመጣል የምትታገልበት ጨዋታ የባንኮክ ነዋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በ1887 እኚሁ ንጉሥ በዋት ማሃታት ግቢ የመነኮሳት ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ኋላ ማሃቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ የሆነው እርሱ ነው። ንጉሣዊው ሜዳ በጣም ንጉሣዊ በነበረበት፣ የዘውዱ ሥልጣን ፍጹም በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሕዝቡን ከሜዳው ማራቅ ለክብር ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በሰኔ 1932 የጦር መኮንኖችና የሲቪል ባለሥልጣናት ቡድን ፍጹም ዘውዳዊውን አገዛዝ በሕገ መንግሥት ገደበው። በቀጣዩ ዓመት ልዑል ቦዎራዴት የመሩት ጦር በአዲሱ መንግሥት ላይ አምፆ ተሸነፈ። በውጊያው ከመንግሥት ወገን የሞቱት 17 ወታደሮችና ፖሊሶች አስከሬን በየካቲት 1934 በሳናም ሉዋንግ ተቃጠለ፤ ከነገሥታት ዘር ውጭ የሆነ ተራ ሰው በዚያ ሜዳ እንዲህ ባለ ክብር ሲሸኝ ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ፕሪዲ ፋኖምዮንግ በሜዳው ምዕራብ የታማሳት ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። አዲሶቹ ገዢዎች የንጉሡን ሜዳ ለራሳቸው ወገን ክብር ተጠቀሙበት እንጂ ለሕዝብ አልሰጡትም የሚል ይኖራል፤ ስለ ሐሳባቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ከሐሳባቸው ይሰፋል። የገበሬ ልጅ በንጉሥ ቦታ ከተሸኘ በኋላ ሜዳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዳግመኛ ሊዘጋ አልቻለም።

ጥያቄው በጣም የተከፈተው ከዓለም ጦርነቱ በኋላ በፊልድ ማርሻል ፒቡን ሶንግክራም ዘመን ነው። በ1948 የቅዳሜና እሑድ ገበያ በሜዳው ላይ ተጀመረ፤ አትክልት፣ ልብስ፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ የቤት እንስሳ፣ የተጠበሰ ምግብ በዛፎቹ ጥላ ሥር ይሸጥ ነበር፤ ለአንድ ትውልድ የባንኮክ ነዋሪ ሳናም ሉዋንግ ማለት ይህ ገበያ ነው። በ1955 ደግሞ ፒቡን ከረጅም የውጭ ጉዞ ተመልሰው፣ በለንደን ሃይድ ፓርክ እንዳዩት ማንም ሰው በአደባባይ ቆሞ የፈለገውን እንዲናገር ፈቀዱ። ሰዉ በሺዎች እየመጣ መንግሥትን የሚነቅፉትን ያዳምጥ ነበር። ፒቡን ይህን ያደረጉት ተቀናቃኞቻቸውን ለማዳከም እንደነበር፣ ከወራት በኋላም ፈቃዱን መልሰው እንዳጠበቡት ይታወቃል። ነገር ግን አንዴ የተለመደ ነገር በቀላሉ አይነሳም፤ የየካቲት 1957 ምርጫ ተጭበርብሯል የሚለው ቁጣም ተማሪዎችን ወደ ጎዳና አወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም ሥልጣኑን የነጠቁት ሳሪት ታናራት የአደባባይ ንግግርን ዘጉ፤ በምትኩም ለ24 ዓመታት ተቋርጦ የነበረውን የእርሻ መክፈቻ ሥርዓት በ1960 በሜዳው ላይ መልሰው አቆሙ። ዛሬ እንግዳ ሰው መጥቶ የሚያየው ያ ውብ ሥርዓት ሳይቋረጥ የደረሰ ይመስለዋል። መልሶ ያቆመው ግን ተናጋሪዎቹን ከቦታው ያስወገደ አገዛዝ ነው። ሥርዓቱ ከዚህ የተነሳ ሐሰት ነው አልልም፤ ገበሬው ለዘሩ በረከት የሚፈልገው ከልቡ ነው። ሥርዓትና ንግግር አብረው ሊኖሩ አይችሉም የሚለው ግን የታሪክ ግዴታ አልነበረም፤ የአንድ አምባገነን ምርጫ ነበር።

በጥቅምት 1973 የታማሳት ተማሪዎች ሕገ መንግሥት ጠይቀው ለታሰሩ ሰዎች መፈታት መሰለፍ ጀመሩ፤ ሰልፉ ወደ መቶ ሺዎች አድጎ ጥቅምት 14 ቀን ወታደሮች ተኮሱ። 77 ሰዎች ሞቱ፤ ወታደራዊው መሪ ታኖም ኪቲካቾርን አገር ለቀው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት የሟቾቹ አስከሬን በሳናም ሉዋንግ በክብር ተቃጠለ፤ ከ40 ዓመት በፊት ለ17 ወታደሮች የተከፈተው መንገድ አሁን ለተማሪዎች ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ታኖም የመነኩሴ ቀሚስ ለብሰው ተመለሱ። ተቃውሞው በሜዳው ላይ ተጀምሮ ወደ ታማሳት ግቢ ገባ። ጥቅምት 6 ቀን 1976 ንጋት ላይ ፖሊስና የቀኝ ክንፍ ታጣቂ ቡድኖች ግቢውን በጥይት አጠቁ። በይፋ የተነገረው የሟች ቁጥር 46 ነው፤ ከጥቃቱ የተረፉት ከዚያ በብዙ ይበልጣል ይላሉ። ሬሳዎች ቹላሎንግኮርን ባስተከሉበት ሜዳ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ተደበደቡ፤ ኒል ኡሌቪች ያነሳው የዚህ ድርጊት ፎቶግራፍ በ1977 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በዚያው ምሽት ጦሩ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ።

የሜዳውን መዘጋት የሚደግፍ ሰው ከሚያነሳቸው ክርክሮች ከባዱ ከዚህ ቀን ይነሳል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ደም ይፈሳል፣ ጸጥታ ደግሞ ሕይወት ያድናል ይላል። ሐዘኑ እውነተኛ ነውና ክርክሩ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። በዚያን ጠዋት የተገደሉት በአብዛኛው በሜዳው ላይ የቆሙ ሰዎች አልነበሩም፤ አጥርና ግንብ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተከበቡ ናቸው። በር ያለው ቦታ አላዳናቸውም፤ እንዲያውም መውጫ አሳጣቸው። ጥላቻው የተዘራውም በሜዳው ላይ አይደለም፤ ተማሪዎቹን የአገርና የዘውድ ጠላት አድርጎ ለቀናት በሬዲዮ ሲሰብክ የነበረው ቅስቀሳ ነው ሰዉን ለዚያ ያዘጋጀው። ከዚያ ቀን መማር ካለብን፣ የሚያስፈራው የሕዝብ መሰብሰብ ሳይሆን አንዱ ወገን ሌላውን ሰው አይደለም ብሎ ማመኑ ነው።

ከእልቂቱ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሜዳው በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። በ1982 ለባንኮክ 200ኛ ዓመት በዓል ሲዘጋጅ ገበያው በሰሜን ባንኮክ ወደሚገኘው ቻቱቻክ ተዛወረ። በግንቦት 1992 ያልተመረጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ጄኔራል ሱቺንዳ ክራፕራዩን ሥልጣን እንዲለቁ የጠየቀው ታላቅ ሰልፍ የተነሳው ከዚህ ነው፤ ወታደሮች በራቻዳምነን ጎዳና ተኩሰው ብዙዎች ከሞቱ በኋላ ሱቺንዳ ለቀቁ። በ2006ና ከዚያም በኋላ ቢጫ የለበሱትም ቀይ የለበሱትም ተቀናቃኝ ወገኖች በየተራ ሰልፍ ወጥተውበታል። ይህን ልብ ማለት ጥሩ ነው፤ ለዘውዱ ቆመናል የሚሉትም ሌሎቹም ሜዳውን የራሳቸው አድርገው ያዩት ነበር።

በ2010 የከተማው አስተዳደር ሜዳውን ለእድሳት ዘጋው። ሲከፈት፣ ነሐሴ 2011 ላይ፣ ሣሩ አምሮ ነበር፤ ዙሪያው ግን በአጥር ተከቦ፣ ካሜራ ተተክሎበት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚቆለፍ ሆነ። ለዚህ የቀረቡት ምክንያቶች ባዶ አይደሉም። ሜዳው ለዓመታት ቤት የሌላቸው ሰዎች ማደሪያ ሆኖ ነበር፤ ሴተኛ አዳሪዎች ይቆሙበት ነበር፤ የርግቡ ብዛት ለጤና ያሰጋ ነበር፤ ቤተሰብ ይዞ ማምሸት የሚፈራ ብዙ ነው። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ የሆኑት ድሆች ከድህነት አልወጡም፤ ወደ አካባቢው ጎዳናዎች ተገፉ እንጂ። ርግብን ለመቀነስና ቆሻሻን ለማንሳት ደግሞ ሰውን መቆለፍ አያስፈልግም። ቡድሂዝም የተመስጦ ሃይማኖት ስለሆነ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ዝምታ ይገባል የሚሉም አሉ። ለተመስጦ የሚሆነው ዝምታ ግን ሁልጊዜም በግንቡ ውስጥ ነበር፤ በዋት ማሃታት የተመስጦ ትምህርት እስከ ዛሬ ይሰጣል፤ ከግቢው ውጭ ባለው መንገድ ደግሞ የአንገት ክታብ ሻጮች ደንበኛ ይጠራሉ። የታይላንድ ቤተ መቅደስ ትምህርት ቤትም፣ የበዓል ገበያም፣ የልቅሶ ቤትም ሆኖ የኖረ ነው፤ ከደጃፉ ሰው እንዲርቅለት የለመነ አይመስለኝም።

ይህን ለማረጋገጥ ከ2017 የተሻለ ማስረጃ የለም። 70 ዓመት የነገሡት ራማ 9ኛ ቡሚቦል በጥቅምት 2016 ሲሞቱ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሐዘንተኛ ለአስከሬናቸው ክብር ለመስጠት መጣ፤ ሰልፉ የሚጠብቀው በዚህ ሜዳ ላይ ነበር። ጥቁር የለበሱ ሰዎች በዝናብና በፀሐይ ሰዓታት ሲቆሙ በጎ ፈቃደኞች ምግብና ውኃ በነፃ ያድሏቸው ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 2017 አስከሬናቸው 50 ሜትር ከፍታ ባለው ሕንፃ ሲቃጠል፣ በጥንቱ ወግ መሠረት በሜዳው ሰሜን በተተከሉ መድረኮች ጭምብለኛ ድራማ፣ አሻንጉሊትና ሙዚቃ እስኪነጋ ድረስ ታየ። ሜዳው በዘመናችን ከሁሉ በላይ የተከበረበት ሌሊት ሰው ከሁሉ በላይ የሞላበት፣ ያልተዘጋበትም ሌሊት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 19 ቀን 2020፣ በአብዛኛው ወጣቶች የሆኑ ተቃዋሚዎች የዘውዱን ሥርዓት ማሻሻያ እየጠየቁ ወደ ሜዳው ገቡ፤ በማግስቱ ጠዋት አገሪቱ የሕዝብ ናት የሚል መልእክት ያለው ክብ የነሐስ ምልክት በመሬቱ ላይ ተከሉ። በሚቀጥለው ቀን ምልክቱ ጠፋ፤ ባለሥልጣናትም የተመዘገበ ቅርስ ተነክቷል ብለው በተካዮቹ ላይ ክስ አቀረቡ። በመጋቢት 2021 ሌላ ሰልፍ ሲጠራ፣ ሰዉ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዳይጠጋ የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮች እየተደራረቡ በሜዳው ላይ ግድግዳ ሆኑ። ሲሚንቶ መቆፈር የቅርስ ሕግን ይጥሳል የሚለው ክርክር በሕግ ዓይን ሊያስኬድ ይችላል፤ ተካዮቹም ለምልክታቸው የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ቅርስ ምንድን ነው? ቹላሎንግኮርን የፊት ቤተ መንግሥቱን ክፍል አፍርሰው ያሰፉት፣ ራማ 3ኛ ሩዝ የዘሩበት፣ 17ቱ ወታደሮችና የ1973 ሟቾች የተሸኙበት፣ ለብዙ ዓመታት አሮጌ መጽሐፍ የተሸጠበት ሜዳ ከሆነ፣ ቅርሱ ሰዉ በቦታው ያደረገው ነገር ነው። ሣሩንና ዛፉን ጠብቆ ይህን ማስወጣት ቅርሱን ግማሽ መጠበቅ ነው። ለባንኮክ የሚሻለው የምሽቱ ቁልፍ ቢነሳ፣ ገበያና ካይት በተወሰኑ ቀናት ቢመለሱ፣ ተናጋሪም ሆነ ሰልፈኛ አሳውቆ ሊገባበት የሚችልበት ግልጽ ሕግ ቢወጣ፣ በዛፎቹ ሥር ደግሞ ከ1782 እስከ 1976ና ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ሳይሸራረፍ ተጽፎ ቢቆም ነው። እንግዳው ያን አንብቦ በሣሩ ላይ ቢቀመጥ፣ ዕረፍቱ አይጎድልበትም።